አፈሙዙ የተጣመመ ክላሽ

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት ቡራዩ አንዲት ዘመዴ ቤት ለቡና ተጠርቼ ሄድኩ። በሩን ከፍታ «ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ» እያለች በአንድ እጇ እኔን ስትስብ፣ በሌላኛው አንድ ረዘም ያለ ነገር ከሶፋው ጀርባ ስትወሽቅ አየኋት። ያየሁት የክላሽ ሰደፍ ነው። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ሰው ቤት ለቡና ተጠርታችሁ ገና ጫማችሁን ሳትጠርጉ ሰደፍ ብታዩ ምን ትላላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። ተቀመጥኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ጨዋታው ግን አልመጣ አለ። ማየቴን አይታለች። በመጨረሻ ራሷ ጎትታ አወጣችውና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ቀላል ነው። እንጨት ነው።

«የልጅዎ ሥራ ነው» አለችኝ። (አማርኛችን ደግ ነው፤ ልጅ ሲያጠፋ የእንግዳው ልጅ ይሆናል።) «እርስዎ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ይፍረዱን። እኔ ይቃጠል እላለሁ፤ እሱ ጥበብ ነው ይላል።»

ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም ብዙ ፈርጃለሁ፤ ስለ ጠመንጃ ፍረድ ያለኝ ሰው ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ደግሞም የቀረበልኝ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ቡራዩ ነው ያለነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚያ ከተማና በዙሪያው ሰዎች ሲገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ልጁ ገና ሕፃን ነበር፤ እናቱ ግን ሕፃን አልነበረችም። እሷ ሰደፍ ስታይ የሚታያት ጥበብ አይደለም። ከተማው ከዚያ ወዲህ ከሰበታና ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከገላን ጋር በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ተጠቃሏል። ትዝታ ግን በአዋጅ አይጠቃለልም። ማታ ማታ በጎዳናው ላይ እውነተኛውን የተሸከሙ ጥበቃዎችና ፖሊሶች ይመላለሳሉ። አንድ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ቁመቱ እንደ ሽመል የተመዘዘ ልጅ ያንን ነገር ትከሻው ላይ አንግቶ ከግቢ ቢወጣ፣ በጨለማ ማን ነው «እስቲ እንጨት ይሁን ብረት ልዳብሰው» የሚለው?

እንግዲህ ዳኛ ከሆንኩ አይቀር ሥራውን በሥራነቱ ልመልከተው ብዬ ተነሣሁ። ልጁ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ቆርቆሮ የተጣለባት ጥግ ናት «ወርክሾፑ»። ጠረጴዛው በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው። እጀታው እንኳ አልወለቀም፤ ካልቾ የምትመቱበት በር ላይ መጋዝ ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር ነው። አንዲት የዛገች ሞርሳ፣ ሁለት መጋዝ፣ መሮ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ። መሬቱ ሰጋቱራ በሰጋቱራ።

መነሻው ፐብጂ የሚባለው የስልክ ጨዋታ ነው። ለማታውቁት፦ መቶ ያህል ሰዎች በአውሮፕላን መጥተው አንድ ደሴት ላይ በጃንጥላ ይወርዳሉ፤ በየቤቱ ገብተው ያገኙትን መሣሪያ ያነሣሉ፤ የመጨረሻው አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን እስኪቀር ይጋደላሉ። ኮምፒዩተሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስልኩ ላይ በ2018 ነው የወጣው። ከሁሉ የገረመኝ በዚያ ሁሉ ጠመንጃ መካከል ጥይት የሚመልስ አንድ መጥበሻ መኖሩ ነው። የወጥ ቤት መጥበሻ! ልጁን «ምነው እሱን በሠራህልን» ብዬው ነበር፤ እናቱ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም። የሚወደው እዚያ ውስጥ ያለውን የክላሽ ዘር ነው።

አሠራሩን እንዲህ አስረዳኝ። የጨዋታውን ምስል አቁሞ በማስመሪያ ስክሪኑ ላይ ለካ። የስልኩን አንድ ሳንቲም በወረቀት ላይ ስንት ሳንቲም እንደሚሆን አባዛ (ሒሳብ አስተማሪው ይህን ቢያይ ያቅፈው ነበር)። ወረቀቱን ቆርጦ ጣውላው ላይ ለጥፎ በእርሳስ ዞረው። ሰደፉንና እጅ መያዣውን ከዋንዛ አወጣ። ዋንዛውን ከየት አመጣህ ስለው ዝም አለ፤ እናቱ ናት የመለሰችልኝ፦ «የአያቱ አልጋ እግር ነው።» አፈሙዙን ከባሕር ዛፍ፣ ካዝናውን ከሞራሌ ቁራጭ። ካዝናው እንደ ሙዝ የተጎበጠ ስለሆነ ከአንድ እንጨት ማውጣት አቅቶት፣ ሦስት ቁራጭ በኮላ አጣብቆ በሞረድ አጎበጠው። ስቱኮ ሞላ፣ አሸ፣ ጥቁር ቀባ፤ ዋንዛውን ብቻ በቨርኒሽ ተወው።

ሰደፉ ያምራል። ይህን መሸሸግ አልችልም። ዋንዛ ለመጋዝ ለስላሳ፣ ለመሮ ታዛዥ እንጨት ነው፤ ከበሮም በርም የሚወጣው ከሱ ነው። ልጁ ደግሞ የእንጨቱን ሥር ተከትሎ ነው ያወጣው፤ ቨርኒሹ ሲነካው ያ ቡናማ መስመር ከትከሻው ጀምሮ እስከ እጅ መያዣው ሳይቆረጥ ይወርዳል። ማንም አላስተማረውም። ከሥዕል የቀዳ ልጅ ሥዕሉ ውስጥ የሌለ ነገር ጨመረ ማለት ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ሰደፍ ቡናማ ቀለም እንጂ እንጨት የለውም።

እዚህ ላይ አፍላጦን ትዝ አለኝ። (ፕላቶ እንበለው፤ ክፍል ውስጥ አፍላጦን ስል ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር።) ሪፐብሊክ በሚባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል ስለ ሦስት አልጋዎች ይናገራል። አንዱ አምላክ የሚያውቀው የአልጋነት ሐሳብ፣ ሁለተኛው አናጺው የሚሠራው፣ ሦስተኛው ሠዓሊው የሚሥለው። ሠዓሊው የአናጺውን ስለሚቀዳ ከእውነት ሦስተኛ ላይ ተቀመጠ፤ በዚሁም ተናቀ። ፕላቶ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ አንድ ቀን አናጺው ተገልብጦ የሠዓሊውን ሥዕል እንደሚቀዳ ነው። ቡራዩ የሆነው ይኸው ነው። መጀመሪያ የሩሲያው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1947 ጠመንጃውን አወጣ፤ የጨዋታው ሠዓሊዎች ሣሉት፤ የእኛ ልጅ ደግሞ ሥዕሉን ወደ እንጨት መለሰው። ይባስ ብሎ፣ ያን እንጨት ያገኘው ከአልጋ ነው! ሽማግሌው ግሪካዊ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ፕላቶ በዚያው ቦታ ሌላም ነገር ይናገራል። ሠዓሊ አልጋን ሲሥል በአንድ በኩል የሚታየውን ብቻ ነው የሚይዘው ይላል። ይህን ስንት ዓመት ሳስተምር ቆይቼ፣ በእጄ የዳሰስኩት ግን ያን ቀን ነው። እንዴት ቢሉ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ጎረቤት የሆኑ፣ ሻምበል እያሉ የሚጠሯቸው፣ በድሮው ጦር ያገለገሉ አዛውንት ገቡ። ጠመንጃውን አነሡ፤ እንደ ሕፃን አገላበጡት፤ ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ይሄ መቀባበያ በግራም በቀኝም ምን ይሠራል?»

ልጁ ቀላ። ለካ በጨዋታው የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ጠመንጃው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ያላየውን ጎን ካየው ቀድቶ ሞላው።

«ክላሽ መቀባበያው በቀኙ ብቻ ነው» አሉ ሻምበል። «ይሄን የሠራው ሰው በዕድሜው ክላሽ ነክቶ አያውቅም።»

እናትየው ጀበናውን ቁጭ አደረገችው። ፊቷን ብታዩት! በሙያዬ ብዙ ሒስ ጽፌአለሁ፣ ብዙም አንብቤአለሁ፤ ሰውን እንዲህ ያሳረፈ ሒስ ግን አላጋጠመኝም። የልጁ ስሕተት ለእሷ የንጽሕና ምስክር ወረቀት ሆነላት። ልጁ ግን ተናደደ። እሱ የሚፈልገው እውነተኛውን መምሰል ነው፤ እናቱን ደስ ያሰኛት እዚያ ላይ መውደቁ ነው። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህች መካከል ነው።

የጎረቤት ወሬ ታውቃላችሁ፤ «ልጆቻችን በፈረንጅ ጨዋታ ጠፉ» የሚለው ወዲያው ይከተላል። ፕሌይስቴሽን ቤቶችን ከሺሻ ቤት ጋር ደምሮ ማሸግም የተለመደ ነው። እኔ ይህ ክርክር አይዋጥልኝም። ሰንጠረዥ የመጣው ከየት ነው? እኛ አልፈጠርነውም፤ ከሕንድና ከፋርስ ተነሥቶ በዓረቦች በኩል ዞሮ ነው የደረሰን፤ ከደረሰን በኋላ ግን የራሳችንን ሕግ አወጣንለት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ ራስ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል፤ መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ግዙፍና አሠራራቸው ሻካራ እንደነበሩም ጽፏል። እነሆ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የመጫወቻ ሒስ! እንግዳው ሰው አሠራሩን ነቀፈ፤ የሰንጠረዡ ንጉሥና ፈረስ ከጦር ሜዳ የተቀዱ መሆናቸው ግን አላስደነገጠውም፤ ማንንም አያስደነግጥም። ገበጣውንም እናንሣ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ያሳተመው ጥናት ብዙ ገጽ ይወስዳል። ለገና ጨዋታም ቢሆን ዱላውን ቆልመም ካለ እንጨት ቆርጦ፣ በእሳት ለብልቦ የሚያዘጋጀው ተጫዋቹ ራሱ ነው። በዚህ አገር ልጅ መጫወቻውን ከእንጨት ካልሠራ ከሽቦ ሲሠራ ኖሯል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ጨዋታው የማን ነው የሚል አይደለም። የተሠራው ነገር በጎዳና ላይ ምን ይላል፣ ያለውንስ ማን ይሰማዋል ነው።

ይህን ያልኩት ሌላ ሥራ ሰበታ ስላየሁ ነው። የአንድ ወዳጄ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማይንክራፍት ከሚባለው ጨዋታ የአልማዙን ሰይፍ ሠርታለች። ማይንክራፍት ስዊድን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሙሉ ሆኖ የወጣ፣ በ2014 ማይክሮሶፍት ከነኩባንያው በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ጨዋታ ነው። ዓለሙ በሙሉ ከአራት ማዕዘን የተሠራ ነው፤ ዛፉም፣ ላሙም፣ ፀሐዩም። መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት በሆነ የካሬ መረብ ላይ የተሣሉ ናቸው። ልጅቱ ከአጎቷ የቤት ዕቃ መሥሪያ የተረፈ ቺፕውድ ለቅማ፣ እያንዳንዱን ካሬ አራት ሳንቲም አድርጋ ቆረጠች፤ በኮላ አጣበቀች። ሰይፉ በመረቡ ላይ በአግድሞሽ ስለሚተኛ ርዝመቱ ዘጠና ሳንቲም ያህል መጣ። ከአንድ በላይ ሰማያዊ ቀባችው፤ ጠርዙን ጠቆር፣ መሐሉን ፈካ። ከሩቅ ሲያዩት ከስክሪን ተቦርሶ የወጣ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲያዩት ደረጃ ነው።

ይህ ጨዋታ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ተጫዋቹ ባዶ እጁን ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ የሚያደርገው ዛፍ በቡጢ መትቶ እንጨት ማግኘት ነው። እንጨቱን ጣውላ ያደርጋል፣ ከጣውላው የመሥሪያ ጠረጴዛ፤ ከዚያ በሁለት ጣውላና በአንድ ዱላ የእንጨት ሰይፍ ይሠራል። ማለትም ጨዋታው ራሱ የአናጺነት ትምህርት ነው። እና ጠየቅኳት፦ «ከእንጨት ከሠራሽው አይቀር ለምን የእንጨቱን ሰይፍ አልሠራሽም? እሱ ቢሆን ማስመሰል መሆኑ ቀርቶ ራሱ ነበር የሚሆነው።» በጣም ያመራመርኩ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ በትዕግሥት አየችኝ።

«ጋሼ፣ የእንጨቱን ማን ይፈልገዋል? እሱ እኮ የጀማሪ ነው።»

አስተማሪነቴ እዚያው አበቃ።

የሱሉልታውን ቶሎ ልለፈው፤ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ነው። ሯጮች በማለዳ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር አንድ የአናጺ ረዳት ከኮምፔንሳቶ የመኪና መሪ ቆርጦ፣ መሐሉ ላይ ስልክ የሚገባበት ጉድጓድ አውጥቷል። የመኪና ውድድር ጨዋታው ስልኩ ሲያዘነብል መኪናውን ስለሚያዞር፣ መሪውን ስታዞሩ መኪናው ይታዘዛችኋል። ሞከርኩት፤ በሁለተኛው ኩርባ ገደል ገባሁ። ይህ ምስል አይደለም፤ መሣሪያ ነው። የሚሠራ ነገር ለሐያሲ ብዙ አይተውም።

ወደ ሰይፉ ልመለስ። ልጅቱ በዚያ ሰይፍ ሰበታን ከዳር እስከ ዳር ብትዞርበት የሚደነግጥባት የለም። ቢበዛ «ይሄ ምንድነው?» ይሏታል። ጨዋታ መሆኑን ለመናገር ፊርማ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ካሬ ይናገራል። አሜሪካኖች ይህን ችግር በሕግ ሊፈቱት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ የመጫወቻ ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፉ ደማቅ ብርቱካናማ እንዲሆን አዘዙ። ይሁንና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ብርቱካናማ ጫፉ በሌለው የመጫወቻ ሽጉጥ መናፈሻ ውስጥ ሲጫወት ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ፖሊሶቹ ከደረሱ በኋላ ሰከንዶች ናቸው ያለፉት። ያ ልጅ የያዘው ነገር በጣም ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የቡራዩዋ እናት ይህን ታሪክ ሰምታ አታውቅም፤ መስማትም አላስፈለጋትም።

እኛ አገር ደግሞ ብርቱካናማ ብትቀባው ማን ያነበዋል? ምልክት ምልክት የሚሆነው ቀቢውም ተመልካቹም ሲስማሙበት ነው። እዚህ ያ ስምምነት የለም፤ ብርቱካናማ ጫፍ ያየ ጥበቃ «ቀለም ነካክቶታል» ነው የሚለው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ይቃጠል» የሚለውን ለመፈረም እጄ አልታዘዝ አለኝ። አርስቶትል ማስመሰል ለሰው ከልጅነቱ አብሮት የተፈጠረ ነው፣ የመጀመሪያ ትምህርቱንም የሚማረው በማስመሰል ነው ይላል። ደግሞም በገሃዱ ብናየው የሚዘገንነንን ነገር በትክክል ተሥሎ ስናየው ደስ ይለናል ይላል፤ ሬሳን ሳይቀር ይጠቅሳል። ያ ልጅ ማባዛትን፣ መለካትን፣ የእንጨት ሥር መከተልን የተማረው በዚያ ጠመንጃ ነው። ብናቃጥለው የሚቃጠለው ጠመንጃው ብቻ አይደለም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ሁለቱን ሥራዎች አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጡልኝና በሥራነታቸው ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ የምመርጠው ሰይፉን አይደለም። ሰይፉ ብልህ ነው፣ ጨዋ ነው፤ ሰደፉ ግን እጅ አለበት። የጭንቄ ምንጭ ይኸው ነው፤ ሥራው በተሻለ ቁጥር አደጋው ይብሳል። ልብ ወለድ ላይ ይህ ችግር የለብንም። ደራሲ ነፍሰ ገዳይን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢሥል፣ ገጸ ባሕርይው ከመጽሐፉ ወጥቶ መንገድ ዳር አይቆምም።

ስለዚህ ፍርዴን ሰጠሁ፦ አይቃጠል፤ ግን ከግቢ አይውጣ።

«ከግቢ ካልወጣ ማን ያየዋል?» አለኝ ልጁ።

መልስ አልነበረኝም። ሥራ የተሠራው ሊታይ ነው። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ረቂቅ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ትንሽ ዝም ብለን ቆየንና መውጫውን ያገኘው ጨዋታው ራሱ ሆነ። በፐብጂ ውስጥ ጠመንጃን በቀለምና በጌጥ የሚያለብሱበት «ስኪን» የሚባል ነገር አለ፤ ወርቃማ፣ ሮዝ፣ አበባ አበባ ያለበት። የሚገዛው በእውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ልጁ ገዝቶ አያውቅም። «ታዲያ እዚህ በነፃ ልታለብሰው አትችልም?» አልኩት። ዓይኑ በራ። ከግቢው በር ቀለም የተረፈ ሰማያዊ ነበር፤ ከጎረቤት ቢጫ ተገኘ። በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶውን ላከልኝ። ጥቁሩ የለም፤ ከአፈሙዝ እስከ ካዝና ሰማይና ቢጫ የተዥጎረጎረ፣ የሠርግ መኪና የመሰለ ነገር። ሰደፉን አልነካውም፤ ዋንዛው እንዳለ ነው። በሥነ ጥበብ ዓይን ሥራው ተበላሽቷል፤ ቢጫው ይጮኻል፣ ከቨርኒሹ ጋር አይስማማም። ብዬም ጻፍኩለት፤ ሐያሲ አይዋሽም። እናቱ ግን ከሶፋው ጀርባ አውጥታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

በጥቅምት እንደገና ሄድኩ። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ የጓሮው ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ሳሎኑም እርጥበት አለው። የባሕር ዛፉ አፈሙዝ ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞሯል። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ጠባዩ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። አሁን ጠመንጃው ተኩስ ቢባል የሚመታው ጎረቤትን ነው። ሻምበል ሲያዩት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናትየው «እሰይ፣ ይኸው እግዜር ራሱ ፈረደ» አለች። ልጁ ግን እንደ ቆሰለ ሰው ነው የሚያየው። አፈሙዙን አውጥቶ በሌላ ሊተካው ቆርጧል፤ መቀባበያውንም በቀኝ ብቻ ሊያደርገው። ይህን በጆሮዬ ሹክ ያለኝ እናቱ ቡና ልትጨምር ስትነሣ ነው።

«ከባሕር ዛፍ ሳይሆን ከዋንዛ» አለኝ። «ግን ዋንዛ አጣሁ። የአያቴ አልጋ የቀሩት እግሮች አጭር ናቸው።»

ጥሩ ነው፣ ጣውላ መሸጫ ጠይቅ አልኩት። ጠይቋል፤ ዋጋው አይቀመስም። ልሰናበት ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ተከትሎኝ ወጣ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የእርስዎ አልጋ ዋንዛ ነው እንዴ?»